ከባለቤቷ ቀድማ የደረሰች ሻንጣ

ኤንቴቤ፣ ኪቶሮ፤ ንጋት 11፡30

ሰዓት እላፊው የሚያበቃው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ የተገኘ መኪና ስለሚያዝ፣ እኔና ሹፌሩ ካቶ ሌሊቱን ኪቶሮ ውስጥ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አሳልፈን፣ አሁን ቫኑ ውስጥ ቁጭ ብለን ደቂቃ እንቆጥራለን። መንገዱ ባዶ ነው። የአንድ ኪዮስክ አምፖል ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ከኋላችን አራት ሻንጣዎች ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው የሉም።

ለአንባቢ ነገሩን ላስረዳ። የምሠራው ካምፓላ ውስጥ ባለ አነስተኛ የዕቃ ማድረሻ ቢሮ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ክፍሎም ኤርትራዊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ኪኩቦ ገበያ ውስጥ ጨርቅ በጅምላ ሲሸጡ ኖረው፣ ወረርሽኙ ገበያውን ሲያቀዘቅዘው ሁለት መኪና ይዘው ወደዚህ ሥራ ገቡ። እኔ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ስማር የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በአየር መንገደኞች ሻንጣ ላይ ነበር። ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ ሰውየውና ሻንጣው እስከ ቤት ደጃፍ ድረስ ለምን አብረው መሄድ አለባቸው? ሌሊቱን ሙሉ ሲበር ያደረ ሰው፣ ዕቃ በሚሽከረከርበት ቀበቶ ዙሪያ ቆሞ ዓይኑ ይፈዛል፣ ሠላሳ ኪሎ እየጎተተ ታክሲ ይለምናል፣ ደረጃ ይወጣል። ሻንጣው አድራሻውን ካወቀ ብቻውን ቢገባስ?

ጽሑፉን ለጋሽ ክፍሎም ሰጥቻቸው መሳቢያ ውስጥ ከረመ። በዚህ ዓመት ግን ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በአውቶቡስ ከኤንቴቤ አየር ማረፊያ ወደ ሐይቁ ዳር እየተወሰደ የኮሮና ምርመራ እንዲያደርግና ውጤቱን እዚያው እንዲጠብቅ ተባለ። ጥበቃው ሰዓታት ይወስዳል፤ አውቶቡሱም ለሻንጣ አይበቃም። ጋሽ ክፍሎም ጠሩኝና፣ ያ ወረቀትሽ ጊዜው ደረሰ አሉኝ። መንገደኛው ከጉምሩክ ሲወጣ ሻንጣውን በር ላይ ለሚጠብቀው ባልደረባችን ያስረክባል፣ አድራሻና ስልክ ያስመዘግባል፣ ወደ ምርመራው ይሄዳል። ባልደረባችን የሰዓት እላፊ ፈቃድ ስላለው ሻንጣዎቹን ሌሊት ኪቶሮ አምጥቶ ያስረክበናል፤ እኛ ቤት እናደርሳለን። ዛሬ የመጀመሪያው የሙከራ ቀን ነው።

ጠንቃቃ ነኝና የአሠራር መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን። ልብሳችን ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሸሚዝና ጥቁር ማስክ ነው። በር ስናንኳኳ ቀስ ብለን፣ ስንናገር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። በመጀመሪያ የተረካቢው ስምና ከመንገደኛው ጋር ያለው ዝምድና ይጠየቃል። ተረካቢው በዕድሜ የገፋ ከሆነ ቁጭ እንዲል በትሕትና ይለመናል። ከንጋት በፊት ስልክ አይደወልም፤ ሰው ያስደነግጣል። ጋሽ ክፍሎም አንብበው፣ ጨዋ አገልግሎት ብለው ፈረሙበት። እኔም ጨዋ መስሎኝ ነበር።

ካቶ ሰዓቱን አየ፣ ሞተሩን አስነሳ። «ኛቦ፣» አለኝ፤ እመቤት እንደማለት ነው፤ «መንገደኞቻችን ዛሬ ወሬ አያበዙም።»

ኤክስፕረስ ዌይ፤ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል

መንገዱ ረግረጉን አቋርጦ ሲያልፍ ጉሙ ከፓፒረሱ ቄጠማ ላይ ተነሥቶ አስፋልቱን ሸፍኖታል። የመኪናው መብራት አሥር ሜትር እንኳ አያሻግርም። ከፊት የሚመጣ የለም፤ ከኋላም የለም። ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ቢጫ ጄሪካን ይዞ ቆሞ ታየና፣ ስናልፈው ዘወር ብዬ ባየው የለም።

ካጃንሲ አካባቢ ፖሊሶች አስቆሙን። አንዱ የባትሪ መብራቱን በመስኮት አስገብቶ በሻንጣዎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፈው። ሰዎቹስ የት አሉ ብሎ ጠየቀ። ካቶ ኋላ ይመጣሉ አለው። ፖሊሱ መብራቱን አንዷ ሻንጣ ላይ አቆመ፤ በገመድ መስቀለኛ የታሰረች፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ጨርቅ የተቋጠረባት ሰማያዊ ሻንጣ ናት። ብዙ አያት። ከዚያ እጁን አወዛውዞ አሳለፈን።

ትንሽ እንደሄድን ድምፁ ጀመረ። የታፈነ ነው፤ ንብ ጠርሙስ ውስጥ የተዘጋባት ይመስላል። ያንዘፈዝፋል፣ ያቆማል፣ ያንዘፈዝፋል። ካቶ የሚያንጎራጉረውን ዘፈን አቋረጠ።

«ሰማሽ?»

«ከመኪናው ነው?»

«መኪናዬን አውቀዋለሁ» አለ። «ተነሥተዋል ማለት ነው። ቁርስ ሳይጠይቁን እንፍጠን።»

ሳቅኩለት፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ይልቅ የኋላ መስታወቱን ደጋግሞ ያይ ነበር። ድምፁ ለሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠፋ። ዘወር ብዬ አየሁ። አራቱም ሻንጣዎች እንደነበሩ ናቸው፤ ሰማያዊዋ ብቻ ወደ እኛ ትንሽ የተጠጋች መሰለኝ። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ነው አልኩ ለራሴ።

የሻንጣዋን ወረቀት በስልኬ ብርሃን እንደገና አነበብኩት። መንገደኛ፦ ሰናይት። ከዓረብ አገር። ተረካቢ፦ እናት፣ ወይዘሮ ዘውዴ። ፖርት ቤል። ጠዋት የከተማው መንገድ ሳይጨናነቅ ከሩቁ እንጀምር ብለን ስለነበር፣ የመጀመሪያዋ ተረካቢ እሳቸው ናቸው።

ፖርት ቤል፤ ንጋት 12፡30

ቡጎሎቢ የሚባለውን ሰፈር ስናልፍ ካሎሊዎቹ የቆሻሻ ገንዳው ዙሪያ ቆመዋል። ካሎሊ ማለት የካምፓላ ትልቁ አሞራ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ደረት ይደርሳል፣ ራሱ ራሰ በራ ነው፣ ክንፉን ሲያጣጥፈው ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ይመስላል። ሦስቱ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። የመኪና ድምፅ አያስነሣቸውም።

ፖርት ቤል ሐይቁ ዳር ነው። የባቡሩን ሐዲድ ሣር በልቶታል፤ ከዚያ በታች ጀልባዎቹ፣ የሚደርቀው ትንንሽ ዓሣ ሽታ፣ ከዚያ ጉም። ውኃው የሚጀምርበት አይታይም። ቤቱ ከመንገዱ ወደ ላይ ያለ ግቢ ውስጥ ነው፤ አምስት በሮች በአንድ ረድፍ፣ መሐል ላይ አንድ ቧንቧ። ተከራዮቹ አብዛኞቹ የኛ ሰዎች፣ ሐበሾች ናቸው።

ወይዘሮ ዘውዴ ለወደብ ሠራተኞች ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ባቄላ እየቀቀሉ ይሸጣሉ። የዚያን ቀን ግን እሳት አላነደዱም። ደጃፉ ተጠርጎ ውኃ ተረጭቶበታል፣ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ እሳቸው ነጭ ለብሰው በሩ ላይ በርጩማ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ልጃቸውን ለስድስት ዓመት አላዩዋትም። ወደ አየር ማረፊያ ተቀባይ መሄድ ስለተከለከለ ቤታቸው ሆነው ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅሁት።

እኔና ካቶ ሻንጣዋን በሁለት ወገን ይዘን ቀስ ብለን ዳገቱን ወጣን። ካቶ አክብሮ ኮፍያውን አወለቀ። ወይዘሮ ዘውዴ ጥቁር ልብሳችንን አዩ፤ ሻንጣዋን አዩ፤ ከዚያ በትከሻችን ላይ አሻግረው ከኛ ኋላ ያለውን መንገድ አዩ። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

መመሪያውን ተከተልኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ እንኳን በመመሪያ፣ ያለመመሪያም ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። ዓይናቸውን ማየት ስለከበደኝ መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ።

«የሰናይት እናት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እትዬ፣ እባክዎ ቁጭ ይበሉ።»

ለካ ሲያዩን ተነሥተው ነበር። ወደ በርጩማው አልተመለሱም። እዚያው የረጠበው መሬት ላይ፣ በነጩ ቀሚሳቸው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አልጮኹም። መዳፋቸውን መሬቱ ላይ ዘረጉት፤ ሙቀት የሚፈልጉ ይመስል። ቧንቧው ጋ ውኃ ትቀዳ የነበረች ሴት ጄሪካኑን አስቀመጠችና ቧንቧውን ዘጋችው።

ያኔ ገባኝ። ከዓረብ አገር ሻንጣ ያለ ባለቤቷ፣ በንጋት፣ ጥቁር በለበሱ ሁለት ዝምተኛ ሰዎች ተይዛ ስትመጣ ምን ማለት እንደሆነ ማንኛችንም እናውቃለን። እኔም አውቃለሁ። ያን ሁሉ ገጽ መመሪያ ስጽፍ፣ የማውቀው የመርዶ ሥርዓት ከእጄ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ ሲሰፍር አላየሁትም።

ቶሎ ብዬ አስተካክላለሁ አልኩና የባሰውን ተናገርኩ። «ደህና ናት፣ እትዬ። ምርመራ ስላለ ነው የቆየችው። ውጤቱ ሲወጣ ትመጣለች።»

የቧንቧዋ ሴት ዓይኗን ጨፈነች።

እኔ አጎቴ የሞተ ጊዜ የተነገረኝ ልክ እንዲህ ነበር። ትንሽ አሞታል፣ ሐኪም ቤት ገብቷል፣ እየመረመሩት ነው፣ ደህና ነው። መርዶ ነጋሪ በመጀመሪያ እውነቱን አይናገርም። ምርመራ ላይ ናት ይላል። እኔ የያዝኩት እውነት፣ ቃል በቃል፣ ሰው ሲሞት የሚባለው ውሸት ነበር።

እዚያው፤ 1 ሰዓት ከሩብ

በሩ ላይ ጫማዎች በዙ። ማንም ማንንም ሳይጠራ በሮቹ ተከፍተው ሰዉ ወጣ። ከውስጥ አልጋው ወደ ጥግ ተገፍቶ ፍራሹ ወለሉ ላይ ተነጠፈ። አንዷ ጥቁር ነጠላ ይዛ መጣች። የምናገረውን የሚሰማኝ የለም፤ ሲሰሙኝም በርኅራኄ ያዩኛል፤ አንዲት አሮጊት እንዲያውም ትከሻዬን ደባብሰው፣ አይዞሽ ልጄ፣ ይህን ሥራ በዚህ ዕድሜሽ ብለው ከንፈር መጠጡልኝ። ዓምና ወደ ጎረቤቱ በር የአንዲት ልጅ ሻንጣ ከዚያው አገር መጥቶ እንደነበር ነገሩኝ። ያመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። እነሱም ትሑቶች ነበሩ አሉ።

ጋሽ ሁሴን የግቢው ሽማግሌ ናቸው፤ አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ የሞተር መለዋወጫ ይሸጣሉ። እጄን ይዘው ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ለኔ ንገሪኝ። እኔ አስተካክዬ እነግራታለሁ። መቼ ነው?»

«ጋሼ፣ ምንም አልሆነችም።»

«እሺ። አስከሬኑስ ይመጣል?»

ወረቀቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ አገላብጠው አዩት፣ ወስደው ለወይዘሮ ዘውዴ አሳዩአቸው። ወይዘሮ ዘውዴ የልጃቸው ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ይህ የልጄ ጽሕፈት አይደለም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፎርሙን የሚሞላው ባልደረባችን ነው። ይህንንም አስረዳሁ። ለባልደረባችን ደወልኩ፤ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ስልኩን አጥፍቶ ተኝቷል። ጋሽ ክፍሎም ስልካቸውን አነሡ፣ እሳቸው ግን ከኔ የበለጠ የሚያውቁት ነገር የለም።

አንዲት ወጣት፣ ለራሷ ለሰናይት ለምን አንደውልላትም አለች። ቁጥሯ እዚህም እንደሚሠራ ከሁለት ቀን በፊት ለእናቷ ነግራቸው ነበር። ወይዘሮ ዘውዴ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ሁላችንም እጃቸውን እናያለን።

ሻንጣዋ ጮኸች።

በሩና ፍራሹ መሐል ቆማ፣ በገመድ እንደታሰረች፣ ከሆዷ ውስጥ ያ የታፈነ የንብ ድምፅ ወጣ። ያንዘፈዝፋል፣ ያቆማል፣ ያንዘፈዝፋል። ካቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ወይዘሮ ዘውዴ ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም፤ ልጃቸው ከሻንጣው ውስጥ ታነሣለች ብለው የሚጠብቁ ይመስል ወደ ሻንጣዋ ዞረው እስኪያበቃ አዳመጡ።

«ሰው ስልኩን ትቶ የት ይሄዳል?» አሉ።

ከውስጥ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ጋሽ ሁሴን በእጃቸው ዝም አሰኟት። ያልተነገረ መርዶ አይለቀስበትም።

ከዚያ በኋላ ቃል እንደማይረዳኝ ገባኝ። ካቶን፣ ነዳጅ አለን ወይ አልኩት። አለ አለኝ። ወይዘሮ ዘውዴ አጠገብ በርከክ ብዬ፣ «እትዬ፣ ልውሰድዎት። በዓይንዎ ይዩዋት» አልኳቸው። ብዙ አዩኝና ተነሡ። ጎረቤቷ ጥቁሩን ነጠላ አቀበለቻቸው። አልለበሱትም፤ አልመለሱትምም። አጣጥፈው ያዙት።

መንገድ ላይ፤ 2፡30

አሁን ከተማው ነቅቷል። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ጎን ለጎን ተጣብቀዋል፣ የሞተር ታክሲዎቹ ቦዳዎች በመሐል ይሾልካሉ፣ ካባላጋላ ማዞሪያ ላይ ሮሌክስ የሚሉትን የእንቁላል ጥቅል የሚሸጠው ሰው እንቁላሉን ቂጣው ላይ እየዘረጋ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሺሊንግ ይጣራል። መኪናችን ውስጥ ግን ሌላ አገር ነው። ወይዘሮ ዘውዴ መሐል፣ ጋሽ ሁሴን በመስኮቱ በኩል፣ ሰማያዊዋ ሻንጣ እግራቸው ሥር። እቤት እንተዋት ብንል፣ ወይዘሮ ዘውዴ፣ ልጄ ካለችበት አትለይ ብለው ይዘዋት ወጥተዋል። ስልኩን እናውጣው ያለ አልነበረም። ገመዱን ለመፍታት የደፈረ አልነበረም።

ጋሽ ሁሴን ዝምታውን ሊሞሉ ካቶን ስለ ነዳጅ ዋጋ ጠየቁት። ካቶ መለሰ። ስለ ጎማም ጠየቁት። ከዚያ ጥያቄ አለቀባቸው።

እኔ ፊት ወንበር ላይ ሆኜ የራሴን ስሌት አሰላለሁ። ሰናይትን አላየኋትም። ያየሁት ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ያን ሰውም ጨለማ ውስጥ በማስክ ለሁለት ደቂቃ አግኝቼ ሻንጣ ተረክቤ ሄድኩ። ሰውን ከሻንጣው ስለይ፣ ሰውየው መኖሩን የሚመሰክረው ምን ይቀራል ብዬ የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ አልጠየቅሁም። ትኩሳት ቢኖራትስ? ሰልፍ ላይ ወድቃስ ቢሆን? ስልኳን ሻንጣ ውስጥ የከተተችው ለምንድን ነው? ከንጋት ጀምሮ ለአንድ ሙሉ ግቢ ደህና ናት እያልኩ የማልኩት በምኔ አውቄ ነው?

ወይዘሮ ዘውዴ መንገዱን ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሻንጣውን የተቀበላት ሰው ፊቷን አይቷል?»

«አይቷል፣ እትዬ።»

«አንቺስ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «እኔ አላየሁም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የተጣጠፈውን ጥቁር ነጠላ ጭናቸው ላይ አደላደሉት፤ የሚተኛ ሕፃን እንደሚያደላድሉ።

ጉሙ አሁንም ረግረጉ ላይ ነው። ጠዋት ባዶ የነበረው መንገድ ላይ ጄሪካን የያዘው ሰውዬ እዚያው ቦታ ቆሟል። ካቶም አየው።

ኤንቴቤ፣ ሐይቁ ዳር፤ 4 ሰዓት

የምርመራው ቦታ ድንኳኖች ናቸው፤ ከድንኳኖቹ በኋላ የሽቦ አጥር፣ ከዚያ ውኃው። ነጭ የፕላስቲክ ልብስ ከራስ እስከ እግራቸው የለበሱ ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ይንቀሳቀሳሉ። ፊት የለም፤ ማስክና የፕላስቲክ መከለያ ብቻ። መንገደኞቹ በረድፍ በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዱ አንገቱ ወደ ኋላ ተንጋሎ አፉን ከፍቶ፣ አንዳንዱ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ። መቶ ሰው ይሆናል፤ የሚሰማው ግን የሐይቁ ውኃ ብቻ ነው።

ዘበኛው ወደ ውስጥ አላስገባንም። ስሟን ስነግረው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በብዕር ወረደበት። ነፃ ተብለው ከወጡት ውስጥ የለችም አለ። ከታመሙትስ? እዚያም የለችም። ታዲያ የት ናት? ትከሻውን ሰበቀ። ዝርዝሩ ሁለት ነው፤ ከሁለቱ ያልተገኘ ሰው ገና ነው አለ። ገና ምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ወይዘሮ ዘውዴ ወደ አጥሩ ሄዱ። ጣቶቻቸውን በሽቦው ቀዳዳ አስገብተው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ማየት ጀመሩ። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ተነጥላ፣ በሦስት ወንበሮች ላይ የተጋደመች ሴት አለች። ከራስ ፀጉሯ ጀምሮ በነጭ ነጠላ ተሸፍናለች። ፊቷ አይታይም። ከነጠላው የወጡት እግሮቿ ብቻ ናቸው፤ ገርጥተዋል፣ አይንቀሳቀሱም። ሁለት ነጭ ለባሾች አጠገቧ ቆመው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ።

«እግሯ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘውዴ።

ጋሽ ሁሴን ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ወይዘሮ ዘውዴ አንድ ጊዜ ብቻ ስሟን ጠሩ፤ ከትንፋሽ ባልዘለለ ድምፅ። ነጠላው አልተነቃነቀም። ሁለተኛ አልጠሩም። ጥቁሩን ነጠላ ከብብታቸው አውጥተው እጥፋቱን መፍታት ጀመሩ። አንድ እጥፋት። ሁለት።

እኔ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ጠይቄ የማላውቅ ሰው ነኝ። ታክሲ ውስጥ ወራጅ ማለት ስለማልችል አንድ ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። አጥሩን በሁለት እጄ ያዝኩና ጮኽኩ።

«ሰናይት!»

መቶው ሰው በአንድ ጊዜ ዞረ። ነጭ ለባሾቹ ቀና አሉ። እንደገና ጮኽኩ፤ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ እንደገና ጮኽኩ። ነጠላው ሥር አንድ ጉልበት ታጠፈ። ከዚያ የተጋደመችው ሴት ተነሥታ ተቀመጠች፣ ነጠላው ከፊቷ ወደቀ። ማስኳ አገጯ ላይ ነው፤ ጉንጯ ላይ የወንበሩ ቅርፅ ታትሟል። እንቅልፍ ያልለቀቀው ዓይኗን እየጠራረገች ማን እንደጠራት ፈለገች፤ አጥሩን አየች፤ አጥሩ ላይ የተለጠፉትን ሴትዮ አየች። ባዶ እግሯን ሮጠች። ዘበኛው ራቁ፣ ራቁ እያለ ሁለት ሜትር ላይ አስቆማት።

እናትና ልጅ ተፋጠጡ። ለስድስት ዓመት ያልተያዩ ሰዎች ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር። ልጅቷ እናቷን ከላይ እስከ ታች አየች፤ በጭቃ የተበላሸውን ነጭ ቀሚስ፣ በከፊል የተፈታውን ጥቁር ነጠላ። ግራ ገባት።

«እማ? ሻንጣው አልደረሰሽም እንዴ?»

«ደርሶኛል» አሉ ወይዘሮ ዘውዴ።

ከዚያ አጥሩን እንደያዙ ወደ መሬት ተንሸራተቱ፤ ጠዋት በራቸው ላይ ያልወጣው ድምፅ አሁን ወጣ። ልጅቷ ከወዲያ በኩል ሽቦው ጋ ተጠግታ በርከክ አለች። ዘበኛው ከእንግዲህ አልከለከላትም። ጋሽ ሁሴን ከሐይቁ ሳይዞሩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ካቶ መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪው ላይ ተደፍቷል።

ስልኩን ለምን ሻንጣ ውስጥ እንደከተተች በኋላ ጠየቅኋት። አሠሪዎቿ በመጨረሻው ቀን እንዳይቀሟት ልብስ መሐል ጠቅልላ ደብቃው፣ ጉምሩክ ላይ ስትጣደፍ ሳታወጣው ቀርታ ነው፤ ንጋት ላይ መኪና ውስጥ የሰማነውም የስልኩ ማንቂያ ነበር። ሻንጣውን ቀድማ መላኳም አላስጨነቃትም። እናቷ ስትጠብቅ እንዳትጎሳቆል፣ ቢያንስ ዕቃዬን አይታ ትረጋጋ ብላ ነበር የላከችው።

ፖርት ቤል እንደገና፤ 7 ሰዓት ከሩብ

ውጤቷ ስድስት ሰዓት ላይ ነፃ ተብሎ ወጣ። አብረን ተመለስን። ግቢው እንደተውነው ነው፤ ጫማዎቹ በሩ ላይ፣ ሰዉ ውስጥ። ሰናይት ደጃፉ ላይ ስትደርስ መጋረጃውን ገልጣ ቆመች። ፍራሹ ላይ የተቀመጡት ሴቶች አንዳቸውም አልተነሡም፤ አንዳቸውም እልል አላሉም። እግሯን አዩ፣ ከዚያ ጥላዋን አዩ፣ ከዚያ ፊቷን። ጠዋት ትከሻዬን የደባበሱኝ አሮጊት እጃቸውን ቀስ ብለው ዘርግተው ቁርጭምጭሚቷን ያዙ። ጨበጡት። ያዙት፣ አልለቀቁም።

«ሞቃለች» አሉ ለሌሎቹ።

ያኔ ቤቱ ተናወጠ። መሳቁም ማልቀሱም አንድ ላይ ስለሆነ መለየት አልቻልኩም።

እኔ ሻንጣዋን ይዤ ደጅ ቀረሁ። ላስገባት ወይስ ልጠብቅ እንደሆነ አላወቅሁም። ወይዘሮ ዘውዴ ወጡ፣ ሻንጣዋን ራሳቸው ጎትተው አስገቡ፣ ተመልሰው ብዕሩን ጠየቁኝ። ሰዓት በሚለው ቦታ ሻንጣው የደረሰበትን አልጻፉም፤ ሰባት ከሩብ ብለው ልጃቸው የገባችበትን ጻፉ። ፈረሙ።

«ሁለተኛ ሰው ቤት እንዲህ አትምጪ፣ ልጄ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም።

«እሺ እትዬ» አልኩ።

ወደ መኪናው ስመለስ ካቶ የሚቀጥለውን ወረቀት አውጥቶ መሪው ላይ ዘርግቶት ነበር። ካባላጋላ። የኛ ሰው ስም ነው። ተረካቢ፦ ሚስት። ከኋላ ሦስት ሻንጣዎች አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሄደው ሄደው እዚያው ናቸው። ለሴትየዋ አስቀድሜ ልደውል ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ከየት እንደምጀምር አሰብኩ። ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ባለቤትዎ ነበር የደወልኩት። አይሆንም። የባለቤትዎ ሻንጣ እኛ ጋ ነው። አይሆንም። አይደንግጡ። ይህ ከሁሉም የባሰ ነው። ስልኩን መልሼ ከተትኩት።

«ካባላጋላ?» አለ ካቶ።

«አይ። ኤንቴቤ። መጀመሪያ ሰውየውን እናምጣው።»

ካቶ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና ሞተሩን አስነሳ።